የሳንባ ሐኪም ፍለጋ

ሰው እህል ሳይቀምስ ብዙ ቀን፣ ውሃ ሳይጠጣ ጥቂት ቀን ሊቈይ ይችላል፤ ሳይተነፍስ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቈየት አይችልም። ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ይህም የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊቱ ሲደመር ሃያ ሺሕ ያህል ይሆናል። ይሁን እንጂ ከነዚህ ሁሉ መካከል አንዲቱን ትንፋሽ እንኳ ልብ ብሎ የሚያያት ሰው እምብዛም አይገኝም። ትንፋሽ መቈጠር የሚጀምረው ሲያጥር ነው።

ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ሕመሙን ለይቶ የሚያውቅለት ሐኪም ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው ገንዘብ ነው። ለገንዘቡ ነገር በአገራችን የጤና መድን የሚባል መላ ተበጅቶለታል። ለሐኪሙም ነገር ቢሆን የሳንባን ሕክምና ለይተው የሚያጠኑ ሐኪሞች በአገራችን ውስጥ መሠልጠን ከጀመሩ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለመናገር የተነሣነው ስለ ሁለቱ መገናኛ ነው፤ ይኸውም የመድን መታወቂያ የያዘው ሕመምተኛና ዕውቀቱን የያዘው ሐኪም በየትኛው መንገድ እንደሚገናኙ፣ በየትኛውስ ስፍራ ሳይተያዩ እንደሚተላለፉ ነው።

መድን ሲባል ብዙ ሰው የሚታሰበው የመኪናና የሱቅ ዋስትና ነው እንጂ፣ በመሠረቱ ነገሩ ለሕዝባችን አዲስ አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት የመድንን ምሥጢር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶታል። እድርም ከዚሁ ሐሳብ የተወለደ ነው። ልዩነቱ እድር የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ የጤና መድን ግን ሰውዬው ሳይሞት እንዲደርስ የታሰበ መሆኑ ነው።

በአገራችን ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ለድርጅት ሠራተኛና ለጡረተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቍጥር 690/2002 ታወጀ፤ ከታወጀም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቈየ። ለገበሬውና የወር ደመወዝ ለሌለው ሰው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ግን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በጊዜው የደቡብ ክልል ይባል በነበረው በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎችና ከተሞች ተስፋፋ። አሠራሩም ቀላል ነው። የቤተ ሰቡ ኀላፊ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በገጠር ብዙውን ጊዜ ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የተወሰነ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ቤተ ሰቡም መታወቂያ ይቀበልና ዓመቱን በሙሉ፣ ወረዳው ውል በገባባቸው የመንግሥት ጤና ተቋሞች ይታከማል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «ወረዳው ውል በገባባቸው ተቋሞች» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን። መድኑ የሚዋዋለው ከሐኪም ጋር ሳይሆን ከተቋም ጋር ነው። ስለዚህ «የጤና መድን የሚቀበል የሳንባ ሐኪም ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ ሰው ለማግኘት ያስቸግራል። አንድ ሐኪም ጧት መድኑ በሚሠራበት ሕንጻ፣ ማታ ደግሞ መድኑ በማይሠራበት ሕንጻ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላልና። ይህ ነገር ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ግን ብዙ ወር ሊያስከፍለው የሚችል ነገር ነው።

ነገርን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላልና፣ በቤተ ሰባችን የደረሰውን እንናገር።

አክስታችን ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። የሚኖሩት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በሚገኝ አንድ የደጋ ወረዳ ነው። ሙሽራ ሆነው ከገቡበት ቀን ጀምሮ መስኮት በሌለው ማድ ቤት፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል እሳት እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። ከሃያ ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታምመው፣ የታዘዘላቸውን መድኃኒት አንድ ቀን ሳያጓድሉ ወስደው ድነዋል። በቅርብ ጊዜ ግን ሳል ያዛቸው፤ ሳሉም ከርሞ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታቸው ያለችውን አጭር ዳገት ሦስት ጊዜ እያረፉ መውጣት ጀመሩ። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ይሉ ነበር። የአገሩ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ደጋ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጤነኛው የማያስተውለውን እጥረት ሳንባው የተጐዳ ሰው ቶሎ ያውቀዋል።

በቀበሌያቸው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ላከቻቸው። በጤና ጣቢያውም አክታቸው ተመረመረ፤ ነቀርሳ አልተገኘበትም። ለሳሉ የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ትንሽ ተሻላቸውና ተመለሰባቸው፤ ደግሞ ተሰጣቸው፤ ደግሞም ተመለሰባቸው። በሦስተኛው ጊዜ ወደ ሆስፒታል ተጻፈላቸው። በሆስፒታሉ ራጅ ተነሥተው በሳንባቸው የላይኛው ክፍል ጠባሳ ታየ። አንዱ ሐኪም «ነቀርሳው ተመልሶ ይሆናል፤ መድኃኒቱን እንደገና እንጀምርላቸው» አለ። ሌላው ደግሞ «አስም ሊሆን ይችላል» አለ። ሦስተኛው፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆነው፣ «ይህን የሚለየው የሳንባ ስፔሻሊስት ነው፤ እርሱ ግን እኛ ዘንድ የለም» አላቸው። እኛ ይህን ንግግር የሦስቱ ሐኪሞች ድካም አድርገን አንቈጥረውም፤ «አላውቅም፤ የሚያውቅ ግን አለ» ብሎ መናገር ከሐኪም ጠባይ ሁሉ የሚከበረው ነውና።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አስተውለናል። የአክስታችን ሕመም ነቀርሳ ቢሆን ኖሮ መንገዱ የተጠረገ ነበር። ሮበርት ኮኽ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1882 እ.ኤ.አ. የነቀርሳን ተሕዋስያን ለይቶ ካወቀ ወዲህ፣ ዓለም ይህን በሽታ የሚያድንበት ሥርዐት እየተሻሻለ መጥቷል። በአገራችንም ምርመራውና መድኃኒቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የመድን አባል መሆን እንኳ አያሻም። አክታውን በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ መርምሮ የሚለየው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በብዙ ስፍራ ገብቷል፤ የተለመደው ሕክምናም 6 ወር ይወስዳል። መንገድ የሚጠፋበት ሳንባው ታምሞ ነቀርሳ ያልተገኘበት ሰው ነው። ጭስ ያጠበበው የአየር ቧንቧ፣ ነቀርሳ ድኖ የተወው ጠባሳ፣ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ የኖረ አስም፣ እነዚህ ሁሉ ውጫቸው ሳልና የትንፋሽ ማጠር ስለሆነ ላዩን ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው የሠለጠነ ዐይንና የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ነው።

የሠለጠነው ዐይን ለምን አነሰ ቢባል መልሱ በቍጥር ይገለጻል። አንድ ሰው የሳንባ ስፔሻሊስት ለመሆን በመጀመሪያ ብዙ ዓመት የጠቅላላ ሕክምና ትምህርት ይማራል፤ ቀጥሎ ሦስት አራት ዓመት የውስጥ ደዌ ሕክምና ያጠናል፤ ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ስለ ሳንባና ስለ ጽኑ ሕሙማን ሕክምና ለይቶ ይማራል። ይህን የመጨረሻውን ደረጃ በአገር ውስጥ የሚያስተምር ሥልጠና የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት ይህን ዕውቀት የፈለገ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት። ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ የሚወጣ ውሃ ይህን የሚያህል ሰፊ አገር በአንድ ጊዜ ሊያጠጣ አይችልም። የሠለጠኑትም ቢሆኑ መሣሪያው፣ ረዳቱና ባልደረባው ባለበት በትልልቅ ከተሞች መሰብሰባቸው የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የአክስታችን ወረዳ ውል የገባበት ሆስፒታል የሳንባ ሐኪም ባይኖረው የማንም ሰው ጥፋት ነው ለማለት አንደፍርም። የሆነ ሆኖ ሕመምተኛዋ መምጣት የነበረባቸው ወደ አዲስ አበባ ሆነ።

ወደ እኛ ቤት በመጡ ጊዜ ልጃቸው አብሮ መጥቶ ነበር። እራት ከተበላ በኋላ ለብቻችን ጠርቶ አንድ ነገር ነገረን፤ እናቱ ሳይሰሙት ጊደሯን ለመሸጥ ከነጋዴ ጋር መነጋገሩን። «በግል ክሊኒክ ባሳክማቸው በአንድ ቀን ያልቃል ብለውኛል፤ በመድኑ ግን ማለቂያ የለውም» አለን። ይህች ጊደር በቤቱ ካሉት ከብቶች ለወተት ተስፋ የምትደረግ አንዲቱ ናት። የጤና መድን የተፈጠረው ገበሬ ለሕመም ብሎ ከብቱን እንዳይሸጥ ነው ብለን ብንነግረው፣ «መድኑ አለ፤ ሐኪሙ የት አለ?» ብሎ መለሰልን። እኛም መልስ አላገኘንለትም።

በማግሥቱ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። በበሩ ላይ ባለው ሰሌዳ የሳንባ ስፔሻሊስት ስምና የሚገኝበት ሰዓት ተጽፏል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ይላል። የምታስተናግደው ልጅ መታወቂያውን በአክብሮት ተቀብላ አገላብጣ አየችና፣ «እማማ፣ ይህ እኛ ጋ አይሠራም፤ በካሽ ነው» አለቻቸው። የካርዱን፣ የራጁንና የትንፋሽ ምርመራውን ዋጋ ስትነግረን ልጁ በጣቱ ሲደምር አየነው። ድምሩ ወደ ጊደሯ ዋጋ እየተጠጋ ሄደ። አክስታችን ግን ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ፣ «ተነሡ እንሂድ፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ትንፋሽ ኖሬአለሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

ስንወጣ በሩ ላይ የተቀመጠው ዘበኛ መታወቂያውን በልጁ እጅ አይቶ ጠራን። «አባባ፣ ዶክተሩን ከሆነ የምትፈልጉት ቀን ቀን መንግሥት ሆስፒታል ነው የሚውሉት። የሳንባ ክሊኒክ የሚባል አለ፤ በሳምንት የተወሰነ ቀን ነው የሚያዩት። እዚያ በመድን ይታያል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለን። በሦስት ተቋምና በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ለወራት ሲጠየቅ ያልተገኘው ወሬ ከክሊኒክ ዘበኛ አፍ ተገኘ። ያው ሐኪም፣ በዚያው እጁ፣ በዚያው ዕውቀቱ፣ በአንደኛው ደጅ የጊደር ዋጋ ሲጠየቅበት፣ በሌላው ደጅ ዓመታዊው መዋጮ ይበቃው ነበር።

ይሁን እንጂ የሐኪሙን ስፍራ ማወቅ ብቻውን አላደረሰንም። በተባለው ሆስፒታል የመድኑን ጉዳይ የሚያየው ሠራተኛ የሪፈሩን ወረቀት ተቀብሎ ሲያነብ፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ሳል፤ ለተሻለ ሕክምና» የሚል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የመድኑ ማኅተምም አልነበረበትም። «በዚህ ወረቀት ወደ ጠቅላላው ተመላላሽ ክፍል ነው የምልካችሁ፤ ወደ ሳንባ ክሊኒክ አይደለም። ወጪውንም ወረዳችሁ እንዲከፍል ማኅተም ያስፈልገዋል» አለን። ሰውዬው ሥርዐቱን ነው የተናገረው። ልጁ በዚያው ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ አገሩ ተመለሰ።

በዚያም «የሚለየው የሳንባ ስፔሻሊስት ነው» ያለውን የውስጥ ደዌ ሐኪም አገኘው። ሐኪሙም የቀድሞውን ወረቀት ሲያይ ዐዘነ፤ በተጣደፈ ሰው እጅ የተጻፈ ነበርና። ከዚያም ተቀምጦ አዲስ ጻፈ። ዕድሜያቸውን፣ ከሃያ ዓመት በፊት ነቀርሳ ታክመው መዳናቸውን፣ ዕድሜ ልካቸውን በጭስ ውስጥ ማብሰላቸውን፣ አክታቸው በቅርቡ ተመርምሮ ነቀርሳ እንዳልተገኘበት፣ በራጁ የታየውን ጠባሳ፣ እስከዚያ ቀን የወሰዱትን መድኃኒት፣ በመጨረሻም የሚጠየቀውን ጥያቄ ለይቶ አስፍሮ፣ «ለሳንባ ክሊኒክ፣ ለትንፋሽ ምርመራ» ብሎ ጨረሰ። ማኅተሙም ተመታ። ስድስት ሰባት መስመር ቢሆን ነው። እኛ ግን በዚህ ነገር ሁሉ ውስጥ ከራጅ መሣሪያው ይልቅ ዋጋ የነበረው እነዚያ መስመሮች ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በአዲሱ ወረቀት ያው የመድን ሠራተኛ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጨምር ቀጠሮ አስያዘልን።

ቀጠሮው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነበር። በዚያ መካከል የአባልነቱ ዓመት የሚያልቅ መሆኑን የነገረንም እርሱ ነው፤ መዋጮው በጊዜው ባይታደስ በቀጠሮው ቀን መታወቂያው ዋጋ አይኖረውም ነበር። ልጁም ቀኑ ሳይደርስ አሳደሰ።

የሳንባ ሐኪሙ አክስታችንን የጠየቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ሳላቸው አልነበረም። «እማማ፣ ማድ ቤትዎ መስኮት አለው?» አላቸው። እሳቸውም የዳኝነት ጥያቄ መስሏቸው «ምን አጠፋሁ ልጄ?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። ቀጥሎ የትንፋሽ መለኪያውን አሳያቸው። ሙሉ ትንፋሽ ስበው፣ አፍንጫቸው ተይዞ፣ ባላቸው ኀይል ሁሉ በቱቦው ውስጥ እፍ እንዲሉ ተደረገ። መሣሪያው የሚመዝነው በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው የወጣ አየር ስንት እጅ እንደሆነ ነው። የአየር ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት ተነፍቶላቸው 15 ደቂቃ ያህል ከቈዩ በኋላ ምርመራው ተደገመ። ያም ሆኖ ልኩ ከመቶ 70 በታች ሆነ፤ ይህም ቧንቧው ጠብቦ መቅረቱን የሚያመለክት ምልክት ነው።

የሐኪሙም ቃል ግልጽ ነበር። ነቀርሳው አልተመለሰም፤ የቀድሞው ሕመም ጠባሳ ትቷል፤ በዚያ ላይ የብዙ ዓመት ጭስ የአየር ቧንቧቸውን አጥብቧል። የነቀርሳውን መድኃኒት እንደገና መጀመር አይገባም። የጠበበው ቧንቧ እንደ ልጅነት አይመለስም፤ ነገር ግን የሚነፋ መድኃኒት በየቀኑ በአግባቡ ከተወሰደ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ጭሱ ከቀረ፣ ዳገቱን በአንድ ዕረፍት መውጣት ይችሉ ይሆናል። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚስቡት አንዲት ነርስ ሦስት ጊዜ አሠራቻቸው፤ በትክክል ካልተሳበ ጉሮሮ ላይ ይቀራልና። ከታዘዙት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ተገኘ፤ ሁለተኛው ስላልነበረ «የለም» ተብሎ በማዘዣው ላይ ማኅተም ተመቶ ከውጭ ተገዛ፤ ደረሰኙም ለወረዳው የመድን ክፍል ቀረበ። ልጁ ደግሞ አገሩ በገባ በሳምንቱ የማድ ቤቱን ግድግዳ በሁለት ወገን ቀዶ መስኮት አወጣለት፤ ምድጃውንም የጭስ መውጫ አበጀለት። ጊደሯም አልተሸጠችም።

ይህን ታሪክ የተናገርነው ለማማረር አይደለም። እንዲያውም መድኑ ቃሉን ጠብቋል ብለን እንመሰክራለን፤ አክስታችን በመጨረሻ የታከሙት በዓመታዊ መዋጮአቸው ነውና። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተደረሰው ልጅ ያላቸው፣ በከተማ ዘመድ ያላቸው፣ ደግ ዘበኛ ያጋጠማቸው ሆነው ነው። እነዚህ ሦስቱ የሌሉት ሰው የት ላይ ይቆም ነበር? ሥርዐት ማለት ዕድል የሌለውን ሰው የሚያደርስ ነገር ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ሁለት መፍትሔ ሲያቀርቡ ሰምተናል። አንደኛው፣ ሪፈር የሚባለው ደረጃ ቢቀርና ሁሉም እንደ ልቡ ወደ ስፔሻሊስቱ ቢሄድ ይሻላል የሚል ነው። ይህ ከሩቅ ሲያዩት ደግ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሳል የያዘው ሁሉ በጥቂቶቹ የሳንባ ሐኪሞች ደጅ ቢሰለፍ፣ ጉንፋን የያዘው ወጣት በጉልበቱ ቀድሞ፣ ዳገት መውጣት ያቃታቸው እናት ኋላ ይቀራሉ። ደረጃው የተሠራው ለደካማው ነው፤ ደረጃውን ዘልሎ የሚሄድ አባል የመድን ጥቅሙ የሚቀነስበት ወይም የሚቀርበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ፣ መድኑ ለግል ክሊኒኮችም ይክፈል የሚል ነው። በአንድ ወገን እውነት አለበት፤ ሐኪሙ በሌለበት የመንግሥት ተቋም ብቻ እንዲታከም የተደረገ ሰው መብቱ ጐደሎ ነው። በሌላ ወገን ግን የመድኑ ሣጥን ከገበሬው ትንሽ መዋጮ የተሞላ ነው። የግል ክሊኒክን ዋጋ ያለ ገደብ ይክፈል ቢባል፣ የጥቂቶች ሳንባ የብዙዎችን የወባና የወሊድ ገንዘብ ሊጨርስ ይችላል። እንግዲህ ይህ ነገር በልክና በጥናት የሚደረስበት ነው እንጂ በአንድ ቀን የሚቈረጥ አይደለም።

እኛ የምናሳስበው ከሁለቱም የሚቀድመውንና ወጪው ያነሰውን ነው። በየወረዳው የመድን ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። በወረቀቱም ላይ ወረዳው ውል የገባባቸው ሆስፒታሎች ስም፣ በየሆስፒታሉ ያሉት የስፔሻሊስት ክሊኒኮች ዓይነት፣ ክሊኒኮቹ የሚሠሩበት ቀን፣ ባሉት ሆስፒታሎች የማይገኘው ሕክምና ወዴት እንደሚላክ ይጻፍበት። ስፔሻሊስቱ ሲዛወር ወረቀቱ ይታደስ። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ያሉ ሐኪሞቻችንም የሪፈርን ወረቀት እንደ ደብዳቤ ቈጥረው ይጻፉት፤ ምን ታየ፣ ምን ተሞከረ፣ ምን ይጠየቃል የሚሉትን ሦስት ነገሮች ከማኅተሙ ጋር ያስፍሩበት። ሥራው ብዙ፣ ጊዜው ጥቂት መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን የአምስት ደቂቃ ጽሕፈት የአንድን ገበሬ የአምስት ቀን መንገድ ያድናል።

ሕመምተኛውና አስታማሚውም በበኩላቸው የሚጠይቁትን ይወቁ። «መድን የሚቀበል ሐኪም ማን ነው?» ከማለት ይልቅ፣ «ወረዳዬ ውል ከገባባቸው ሆስፒታሎች የሳንባ ክሊኒክ ያለው የትኛው ነው? ከሌለስ ወዴት ነው የምትልኩኝ?» ብለው ይጠይቁ። ከሆስፒታሉ ሳይወጡ በሪፈሩ ላይ የተጻፈውን ያስነብቡ፤ ማኅተሙን ይዩ፤ የቀድሞውን ራጅና የምርመራ ውጤት አብረው ይያዙ፤ የአባልነቱ ዘመን ከቀጠሮው ቀን በፊት እንዳያልቅ ይቍጠሩ። ሕመሙንም «እርጅና ነው» ብለው አይሸፍኑት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ተብሏልና። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ ነቀርሳ ከሆነ በጊዜ ይታወቃል፣ ካልሆነም ቀጣዩ ደረጃ ይጀመራል።

የሳንባ ሐኪሞቻችን ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ እንደሚሄድ ተስፋ እናደርጋለን፤ ይህ ግን የዓመታት ሥራ ነው። መንገዱን ማሳየት የሳምንት ሥራ ነው። ስለዚህ በጤና መድን ሥራ የተሰማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሐኪሙ እስኪበዛ ድረስ ያለውን ሐኪም ስፍራ ለሕዝቡ ቢያስታውቁ፣ ብዙ ትንፋሽ ሳይቋረጥ፣ ብዙ ጊደርም ከበረቷ ሳትወጣ ትቀራለች ብለን እናምናለን።